የእማማ አስካል ይግባኝና ሁለቱ ፍላሾች

ሰኞ፣ ኅዳር 15 ቀን 2018

ሰማያዊ ሆነ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሱቁን ከፍቼ፣ ወለሉን ጠርጌ፣ የኮምፒውተሩን ልብስ ገፍፌ ሳበራው ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ፣ መሐሉ ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ሰማያዊ። እንደገና። አሁን ሰማያዊውም ቀረና ጥቁር ሆነ። ጎኑን በመዳፌ መታሁት። ሁለተኛ ልደግመው ስል እማማ አስካል በሩ ላይ ቆመዋል፤ ነጠላቸው በአቧራ ቀልቷል። ከገጠር እዚህ ወገዳ ከተማ ለመድረስ ሦስት ሰዓት በእግራቸው ነው የመጡት።

«ጸሐፊው፣ ወረቀቴ ደረሰልኝ?»

«ነገ» አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ?

በቁጥር ልጻፈው። ካልጻፍኩት ጭንቅላቴ አይሰበሰብም።

1. እማማ አስካል ባላቸው ሞተዋል። ሁለት ጥማድ መሬት አላቸው። የባላቸው ወንድም አረሰና የእኔ ነው አለ።
2. የወረዳው ፍርድ ቤት ለሰውዬው ፈረደ።
3. ይግባኝ የሚባለው ደብረ ታቦር ነው። የመጨረሻው ቀን የፊታችን ዓርብ። ዓርብ ካለፈ መሬቱም አለፈ።
4. ይግባኙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ገጽ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እሳቸው እየተናገሩ እኔ እየመታሁ።
5. በወረቀት የለም። ሁሉም እዚህ የሞተ ሣጥን ውስጥ ነው።

 ይኼን ያህል ዘመን ራፖርና ማመልከቻ ጸሐፊ ሆኜ ረቂቁን በወረቀት አልይዝም? ኮምፒውተር አለኝ ብዬ ተኮፈስኩ። ደደብ።

ዊንዶውሱ ድሮም ከሰው የተቀዳ ነበር፤ መልሼ ልጫነው ብል ሲዲው የት እንደገባ እንጃ። ምሕረትን ጠራኋት። ልጄ ናት፤ በኮምፒውተር ተመርቃ ሥራ እየጠበቀች ቤት ተቀምጣለች። እውነቱን ልናገር፣ እስከ ዛሬ የሱቁን ማሽን አላስነካኋትም። «ትምህርት ሌላ፣ ሥራ ሌላ» እያልኩ።

መጣች። ፍላሽ ሰካች፤ ጥቁር መስኮት ውስጥ የሆነ ነገር ጻፈች፤ ከሞተው ዲስክ ላይ ፋይሎቼን አንድ በአንድ እያወጣች በሌላ ፍላሽ ቀዳቻቸው። የፋይሉን ስም በፈረንጅ ፊደል ነበር የሰየምኩት። «አስካል ይላል አባዬ፣ ይኸው አለ» አለችኝ። ተነፈስኩ። ለማንም አላሳየሁም እንጂ ተነፈስኩ።

ከዚያ ነው ጠቡ የተጀመረው። ዊንዶውስ አይሆንም፣ ሊኑክስ እንጫን አለች። ሊኑክስ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ዋናው ፕሮግራም ነው፤ እንደ ዊንዶውስ፣ ግን በነፃ የሚታደል፣ ሆድ ዕቃው ለማንም ክፍት የሆነ። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ እሷ ሁለት ፍላሽ አላት። አንዱ ላይ ነጭ ክር፣ አንዱ ላይ ጥቁር ክር አስራለች። ለዪልኝ፣ ልጻፈው አልኳት።

ነጭ ክር፣ ሚንት የሚባለው፦
ለጀማሪ የሚሆን። ሁሉን ራሱ ያሰናዳል። ገብተህ መሥራት ብቻ ነው። የአማርኛ ፊደል ይዞ ይመጣል። ግን ለዚህ አሮጌ ማሽን ይከብደዋል፣ ይንፏቀቃል።

ጥቁር ክር፣ አርች የሚባለው፦
ባዶ መሬት ነው የሚሰጥህ። ምሰሶውን አንተ ታቆማለህ፣ ክዳኑን አንተ ትከድናለህ። እያንዳንዱን ነገር በትእዛዝ ትጽፋለህ። የማትፈልገው ነገር አይገባበትም፣ ስለዚህ ለአሮጌ ማሽን ቀላል ነው።

«እኔ ጀማሪ ነኝ፤ ነጩን!» አልኳት።

«አባዬ፣ ነጩ ገጽ በከፈትክ ቁጥር ሲያሰላስል ነው የሚውለው። ጥቁሩን ዛሬ ልጨርስልህ። ውስጡ ምን እንዳለ እናውቀዋለን።»

«እስከ ነገ ጠዋት?»

«እስከ ነገ ጠዋት።»

እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ እግዜር ይወቅ። አጠገቧ ተቀምጬ የጻፈችውን ትእዛዝ ሁሉ በደብተሬ ገለበጥኩ። ሠላሳ አንድ ደረጃ። ዲስኩን ከፋፈለች፣ በስልኳ ዳታ ከኔትወርክ አወረደች፣ እንደገና ጻፈች። እጇ ፈጣን ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ «ተነሳ!» አለች፤ ጥቁር ገጽ ላይ አንዲት ጭረት ብልጭ ድርግም ትላለች። ይኼ ነው ተነሳ የሚባለው? የፊደሉና የፕሪንተሩ ፕሮግራም ሳይወርድ መብራት ሄደ።

የገና ጾም ዛሬ ገባ። በመጀመሪያው ቀን ስንት ጊዜ እንደተቆጣሁ አልቆጠርኩም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ንዴቴ ገና አልበረደም። እየጻፍኩ ያለሁት ብዕሩን ወረቀቱ ውስጥ እየሰነቀርኩ ነው።

ጠዋት ከእሷ ቀድሜ ገባሁ። እንደ ልማዴ፦ ጠረግኩ። ልብሱን አነሳሁ። ቀን ሞላሁለት። የማሽኑ ውስጠኛ ባትሪ ከሞተ ዓመታት አልፎታል፤ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። ስለዚህ ሲነሳ የላይኛውን ቁልፍ ተጭኜ እሞላለታለሁ። ቀን 16፣ ወር 3፣ ዓመት 2018፣ ሰዓት 1፡40። ማመልከቻው ላይ ቀኑ ራሱ እንዲወጣልኝ ነው።

ሁለት ሰዓት ላይ ምሕረት መጣች። ስልኳን ሰካች። ፊደሉን አምጣ ብላ ጻፈች። እምቢ። ፕሪንተሩን አምጣ። እምቢ። «የላኪው ፊርማ አይታመንም ይላል» አለች። ከሌላ ቦታ ሞከረች። እምቢ። የፊርማ ማረጋገጫ ቁልፎቹን ላድስ አለች። እምቢ። ላቧ ግንባሯ ላይ ወጣ። «ትናንት እኮ ይሠራ ነበር፣ ትናንት እኮ...»

«የእማማ አስካልን ወረቀት ክፈቺውና ልየው» አልኳት። ከፈተችው። ሣጥን። ዘጠኝ ገጽ ሙሉ ባዶ ሣጥን፣ ተደርድሮ፣ እንደ ጡብ። አንድ ፊደል የለም።

ሱቁ ውስጥ ሰው ነበር። መሪጌታ የልጃቸውን የልደት ማስረጃ ሊያጽፉ መጥተዋል። ጫማ ሻጩ ጎረቤቴ ሰይድ በሩን ተደግፏል። እማማ አስካል ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል፤ ከተማ ዘመድ ቤት አድረው ነው የመጡት። ሰይድ መቼም አፉ አያርፍም።

«ምንድን ነው ይኼ ለጀማሪ፣ ለአዋቂ የሚባለው? እኔ ስንት ዘመን ጫማ ስሸጥ ለጀማሪ እግር የሚሆን ስጠኝ ያለኝ የለም።»

መሪጌታ ሳቁ። «እኛ ቅኔ ቤት ስንገባ ለጀማሪ ተብሎ የተነጠፈ ነገር አልነበረም። ኮቸሮ ለምነን፣ ውሻ ነክሶን ነው የገባን። ልጅቱ ትክክል ናት፤ የከበደውን ነው መጀመር።»

«መሪጌታ፣ እርስዎ ቅኔ ሲቆጥሩ ዓርብ ቀነ ቀጠሮ ነበረብዎ?» አልኳቸው። ለመሪጌታ እንዲህ አይባልም። አልኳቸው።

ከዚያ ወደ ምሕረት ዞርኩ። ያልኩትን ልጻፈው፣ እንዳልረሳው።

«አራት ዓመት ሙሉ የበላሽው የኔን ላብ ነው። ሣጥን ልትደረድሪልኝ ነው የተማርሽው? ይኼን ማሽን ከምትነኪው ብሞት ይሻለኝ ነበር። ዲግሪሽን ወስደሽ እሳት ማያያዣ አድርጊው!»

 ሰይድ አንገቱን ደፋ። እማማ አስካል «ኧረ በስመአብ» ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ምሕረት አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይቀለኝ ነበር። ቆማ አየችኝ፣ ከዚያ ጥቁር ክሩን ነቅላ ነጩን ሰካች። እስከ አሥር ሰዓት ሠራች።

ሚንት ገባ። ሥዕል ያለው፣ አረንጓዴ ቅጠል የመሰለ ምልክት ያለው። የመግቢያውን የምስጢር ቃል በብጫቂ ወረቀት ጽፋ ጠረጴዛው ላይ ጣለችልኝና ወጣች።

ማታ ማዕዱ ሲቀርብ አልመጣችም። ሚስቴ ለብቻ ወሰደችላት። ተመልሳ መጥታ «ደስ ይበልህ» አለችኝ። ሽሮውን ገፋ አደረግኩት።

ትክክል ነኝ ግን። እኔ ነጩን ብያለሁ። ከመጀመሪያው ነጩን ብያለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ጠረግኩ። ልብሱን አነሳሁ። ቀን ሞላሁለት። ሚንት እየተንፏቀቀ ተነሳ፤ እስኪነሳ ሦስት ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ።

ተከፈተ። ፊደሉ አለ! የኔው አማርኛ፣ የኔው ነጥብ፣ የኔው «ይግባኝ ባይ»። እማማ አስካልን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ባለቤቴ በሕይወት ሳለ አብረን ስናርሰው፣ ድንበሩን በኮሶው ዛፍ ስንለይ...» እሺ እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሰባተኛው ገጽ ላይ «እሱን ደግመህ በል» አሉኝ። ደግሜ አልኩ።

ጥቃቅን ድሎች፦
ፊደል፣ አለ።
ፋይል፣ አለ።
እኔ ራሴ ከፈትኩት፣ ያለ ማንም።

ምሕረት ስልኳን አገናኝታ ሄዳ ነበር፤ ዳታው ሊያልቅ ነው፣ ካርድ ልግዛ ብላ። «ልግዛ» ያለችውም ለግድግዳው ነው፣ ለኔ አይደለም። ስልኩን ትታልኝ ወጣች። በዚህ መሐል ወረቀቱን ደግሜ ሳየው ራስጌው ላይ ያለው ቀን ተለውጧል። 26፣ 11፣ 2025 ይላል። ምን አባቱ ነው 2025? ጠዋት እኔ በእጄ ሞልቼለት! ሰዓቱም ሌላ። ይኼ ነው እንግዲህ ራሱ ያሰናዳል የሚባለው? ሳይጠይቀኝ ቀኔን ይቀይራል? በፈረንጅ ቀን ማመልከቻ አስገብቼ መዝገብ ቤቱ ዓርብ ዕለት እማማን በሳቅ ሊመልሳቸው?

ማስተካከያውን ፈለግኩ። አገኘሁት። ሰዓትን ከኔትወርክ ውሰድ የሚል መቀያየሪያ አለ። አጠፋሁት። የምስጢር ቃል ጠየቀኝ፤ ብጫቂው ወረቀት ላይ ያለውን አስገባሁ። ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን፣ ሰዓቱን በትክክል ሞላሁ። ተቀበለኝ። ኮራሁ። ለጀማሪ የሚሆን ማለት ይኼ ነው አልኩ ለራሴ። ጥቁሩ ይኼን ያስደርገኝ ነበር? አያስደርገኝም።

የቀረው ፕሪንተሩ ነው። ፕሪንተሩን የሚያሠራው ፕሮግራም ከኔትወርክ መውረድ አለበት። ምሕረት ተመለሰች፣ ካርዱን ሞላች፣ ጫን ብላ አዘዘችው። ሚንት በሥዕል ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ ከዚያ «ይቅርታ፣ አልተሳካም» ይላል። ይኼን ብቻ። ለምን? አይልም። ጥቁሩ ቢያንስ ይሳደባል። ይኼኛው እንደ ቢሮ ጸሐፊ ነው፤ ፈገግ ብሎ «ነገ ተመለሱ»።

እስከ ስምንት ሰዓት ሞከረች። የስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት አየት እያደረገች። ስምንት ሰዓት ነው ይላል፣ ስምንት ሰዓት ነው።

«ኔትወርኩን ዘግተውታል መሰለኝ» አለች በመጨረሻ።

«ትናንትም ዘግተውት ነበር? ሁለቱንም ፍላሽ ዘጉት? ወይስ እጅሽ ነው?»

 ዓይኗን አይቼ አንገቴን ቀለስኩ፤ ንዴቱ ግን አልቀነሰም። ኧረ ጨመረ።

ሚስቴ ምሳ ይዛ መጥታ «ከማዶ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት በፍላሽ ወስደህ አሳትም» አለችኝ። ከማዶ ያለው መሬቱን የወሰደው ሰውዬ የሚስቱ ወንድም ነው። ዘጠኙን ገጽ አንብቦ ማታውኑ መልሱን ያሰናዳለታል። ለእማማ አስካል ምያለሁ፤ ወረቀቱ ከእጄ አይወጣም ብያለሁ። ሌላው አታሚ ቀለም አልቆበት ዘግቷል።

ስለዚህ ከስክሪኑ እያየሁ በእጄ መገልበጥ ጀመርኩ። በሦስት ቅጂ። መዝገብ ቤቱ በእጅ የተጻፈ ይቀበላል? ይመልስ ይሆናል። እንጃ። አራተኛው ገጽ ላይ መብራት ሄደ።

የነገ ዝርዝር፦
1. ከገጽ አራት መቀጠል።
2. መብራት ከሌለ ጄኔሬተር ከሰይድ መለመን።
3. የዘጠኝ ሰዓቱ የደብረ ታቦር መኪና ከመነሳቱ በፊት መጨረስ።
4. ምሕረት ሱቅ እንዳትመጣ መንገር።

አራተኛውን ጽፌ ሰረዝኩት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ንዴቴ ሌላ ዓይነት ሆኗል። እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። በቅደም ተከተል ልሂድ።

መብራት ነበረ። ቀን ሞላሁለት። በእጄ እየገለበጥኩ ሳለ ምሕረት ገባች። ማንም ሳይጠራት። ወንበሬን በክርኗ ገፋ አድርጋ፣ «እጅህን አንሳ አባዬ» አለችና ሚንቱ ውስጥ ያንን ጥቁር መስኮት ከፈተች። ነጩም ለካ ውስጡ ጥቁር መስኮት አለው። «ይቅርታውን ሳይሆን ምክንያቱን ይንገረኝ» አለች፤ ለማሽኑ።

በእጇ ጻፈችው። ማሽኑ መለሰ። አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

«አባዬ፣ ይኼ ዝርዝር ገና አልጸናም ይላል። ከሁለት ሺህ ስምንት መቶ ምናምን ቀን በኋላ ነው የሚጸናው ይላል።»

«ምን ማለት ነው?»

«ማሽኑ ያለፈ ዘመን ውስጥ ነው ያለው ማለት ነው። ገና ያልተወለደ ነገር ነው የምትልኩልኝ እያለ ነው።» ከዚያ ጥጉ ላይ ያለውን ሰዓት ነካችው፤ ሙሉው ቀን ተዘረጋ። 18፣ 3፣ 2018።

«ዓመቱን ማን ነው የነካው?»

«እኔ ነኝ የምሞላለት» አልኩ። «ሁልጊዜ የምሞላለት እኔ ነኝ። ትናንትም እየቀየረ አስቸግሮኝ ያንን መቀያየሪያ አጠፋሁበት።»

«በኛ አቆጣጠር?»

«በማን አቆጣጠር ልሙላለት ታዲያ?»

አፏን በእጇ ያዘች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። «ሁለት ሰዓት ሲል ሁለት ሰዓት ነው እላለሁ» አለች። «ስምንት ሲል ስምንት። ስንት ጊዜ አየሁት! አንድም ቀን ምነው የፈረንጅ ሰዓት አይልም አላልኩም።»

እኔ ቁጭ አልኩ። አሁን ስጽፈው ፊቴ ይግላል። ዓመታት ሙሉ! ጥቅምት 29 እና 30 ላይ ማሽኑ ቀኑን አልቀበልም ይለኝ ነበር። ወር 2 ነዋ፤ የፈረንጅ ሁለተኛ ወር ሠላሳ የለውም። እኔ ቁልፉ ተበላሽቶ ነው ብዬ በ28 አሠራው ነበር። ጳጉሜን ሲመጣ ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር የለኝም ይላል፤ አምስቱን ቀን ሳልሞላለት አሠራው ነበር። አንድ ቀን ቆም ብዬ ለምን? አላልኩም። ከኔትወርክ ተገናኝቶ ስለማያውቅ ዝም ብሎ ተሸከመኝ። ዊንዶውሱም ተሸከመኝ። ሰኞ የሠራው እኔ ሳልሞላ ፍላሹ ራሱ ሰዓቱን ከኔትወርክ ስለወሰደ ነው አለችኝ። ጥቁሩም ነጩም ጥፋት የለባቸውም። ልጅቱም ጥፋት የለባትም። የጠዋት እጄ ነው። እየጠረገ፣ ልብስ እያነሳ፣ ቀን እየሞላ ልጄን ያሰደበኝ ይኼ እጅ ነው።

መቀያየሪያውን መለሰችው። ጥግ ያለው ሰዓት ዘለለ። ፕሪንተሩ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ወረደ። ሃያ ደቂቃ! ሦስት ቀን!

ልታትም ስትል «ቆይ» አልኳት። ራስጌው ላይ ያለው ቀን 27፣ 11፣ 2025 ሆኗል። ሰርዤ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ብዬ በፊደል መታሁት። ቢያንስ ይኼን አየሁ። አሳተምን። ዘጠኝ ገጽ፣ ሦስት ቅጂ። ሙቅ ነበር ወረቀቱ። እማማ አስካል በሁለት እጃቸው ተቀብለው ግንባራቸውን አስነኩት፣ በጣታቸው ፈረሙ፣ በላስቲክ ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ አደረጉት።

ይኼኔ ሰይድ ብቅ አለ። መሪጌታም ማስረጃቸውን ሊወስዱ ቆመዋል።

«ተሳካ እንዴ! ምን ነበር ችግሩ?» አለ ሰይድ።

ቃሉ አፌ ላይ ነበር። እኔ ነኝ የሚለው። ምሕረት ወረቀት እያስተካከለች ጀርባዋን ሰጥታኛለች፤ እጇ ቆመ።

«የባትሪ ጉዳይ ነው» አልኩ። «ባትሪው ሞቶ ነው።»

እጇ እንደገና መሥራት ጀመረ።  መሪጌታ «እንዲያው ልጅቱን በከንቱ...» ብለው ጀመሩና ተዉት።

የዘጠኝ ሰዓቱ መኪና እማማ አስካልን ይዞ ወጣ። እኔ መናኸሪያው ድረስ ሸኘኋቸው። ምሕረት አልመጣችም። በመስኮት ጎንበስ ብለው «ያቺን ልጅ ሳልስማት ሄድኩ። ንገርልኝ» አሉኝ። አልነገርኩላቸውም። እንዴት ብዬ አፌን እከፍታለሁ?

ባትሪ! ማሽኑ እንኳ ምክንያቱን ሲጠይቁት ይናገራል።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ቀን አልሞላሁለትም። ጠረግኩ፣ ልብሱን አነሳሁ፣ እጄ ወደዚያ ቁልፍ ሲሄድ በሌላው እጄ ያዝኩት። ትናንት ማታ ከሰዓት ጠጋኙ ክብ ባትሪ ለምኜ ውስጡ ከትቼለታለሁ። ለብቻዬ። ሰው ሳያየኝ። ይኼም ያናድደኛል፤ ባትሪ ነው ብዬ ስለዋሸሁ ባትሪ መቀየሬ።

እስከ ስድስት ሰዓት ስልኬን ከእጄ አላወረድኩም። ሁለት ሰው በተሳሳተ ቁጥር ደወለ፤ በሁለቱም ላይ ጮኽኩ። ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ በማላውቀው ቁጥር ተደወለ።

«ጸሐፊው!»

«እማማ! ምን አሉዎት?»

«ተቀበሉኝ። ማኅተም መቱበት፣ ቁጥር ሰጡኝ። ቀጠሮው ለጥር ነው። ቀኑን አይቶ በሰዓቱ ነው የደረሱት አለኝ የመዝገብ ቤቱ ልጅ።»

ይርቱ አይርቱ ገና አይታወቅም። መሬቱ ግን ዛሬ አልሄደም። ስልኩን ዘግቼ ከሱቁ ኋላ ሄጄ ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ። 

ከሰዓት ምሕረት መጥታ አንድ ነገር አሳየችኝ። ሌሊቱን ሳትተኛ ይሁን ጠዋት እንጃ፣ በዚያ ጥቁር መስኮት ትንሽ ፕሮግራም ጽፋለች። ማሽኑ በፈረንጅ ቀን ይነሳል፤ ማመልከቻው ላይ ግን የኛን ቀን ራሱ አስልቶ ያስቀምጣል። ኅዳር 19 ይላል። ጳጉሜንን ሞከርኩት። ጳጉሜን 3 አለ። ጥቅምት 30 ሞከርኩት። ተቀበለ።

«እንዴት አደረግሽው?»

«ክፍት ነው እኮ አባዬ። ማንም መጨመር ይችላል።» ከዚያ ፍላሾቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «የትኛው ይቀመጥ? ማሽኑ የአንተ ነው።»

ዝርዝር ልጻፍ ብዬ ደብተሬን ከፈትኩና ዘጋሁት። ነጩ ይመቻል፤ ጥፋቴንም አመቻቸልኝ፣ በአንድ መቀያየሪያ፣ ማንን ልትጎዳ ነው ሳይለኝ። ጥቁሩ ያለቅሳል፣ ይሳደባል፣ ሠላሳ አንድ ደረጃ ያስወጣል። ግን እጄ የሚሠራውን እንዳውቅ ያስገድደኛል።

«ጥቁሩን» አልኳት። «በሚቀጥለው ሳምንት። አንቺ እየተናገርሽ፣ የምጽፈው እኔ።»

«አንተ?»

«እኔ። ፊደል ልቆጥር።»

ፈገግ አለች መሰለኝ። ግማሽ። ማታ ማዕድ ላይ መጣች፤ ከኔ ፊት ሳይሆን ከእናቷ በኩል ቆረሰች፣ ግን መጣች። የእማማ አስካልን ሰላምታ ነገርኳት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፣ ሌላ የለም።

እዚህ አገር በአደባባይ የሰደበ በአደባባይ ነው የሚክሰው። ጓዳ ውስጥ ለጆሮዋ ብቻ ብናገር አይቆጠርም፤ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። የሰሙት ሦስት ናቸው።

መሪጌታ። ዛሬ በበሩ አለፉ፣ ሰላም ብቻ ተባባልን።
ሰይድ። ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ዋለ። እስከ አሁን የባትሪ ነው ብሎ ነው የሚያምነው።
እማማ አስካል። ለጥር ነው የሚመለሱት።

በሦስቱ ፊት «ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ልጄን በሐሰት ሰደብኳት» አላልኩም። ለአንዳቸውም። ይኼ አልተከፈለም።